የኢሶዳ አጥርና የካንሱኬ ድምፅ

ካንሱኬ ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ግን ረጅም የሆነ ሰው ነው። ኢሶዳ በምትባለው የባሕር ዳር መንደር ይህን የማያውቅ የለም። ነጫጭ ጥቃቅን ዓሣ ቀቅሎ በፀሐይ የሚያደርቅበት ቤቱ ያለው በመንደሩ ጫፍ ነው፤ ሆኖም ማለዳ ተነሥቶ "እሳቱ በዛ!" ብሎ የጮኸ እንደሆነ በሌላኛው ጫፍ ያለ ሰው ደንግጦ የገዛ ምድጃውን ዞር ብሎ ያያል። ሚስቱ ሚቶሴ፣ "ይኼ ሰውዬ በጆሮዬ ሹክ ሲለኝ እንኳ ጎረቤት ነው የሚመልስለት" እያለች ታስቃለች። እሱ ግን አይቀየምም። እንዲያውም ደረቱን ነፋ ያደርጋል።

ቢነፋም አይፈረድበትም። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የመንደሩ ጠባቂ አምላክ ከኮረብታው መቅደሱ ወርዶ ባሕር ገብቶ ይታጠባል። የሚወርደው በሚኮሺ ነው፤ ሚኮሺው ጣሪያው በወርቅ ያሸበረቀ ትንሽ ቤተ መቅደስ ሲሆን በሁለት ወፋፍራም ረጃጅም እንጨቶች ላይ ተደላድሎ በሰው ትከሻ ይሄዳል። ክብደቱ የሰንጋ በሬ ያህል ነውና ተሸካሚዎቹ እርምጃቸው ካልገጠመ ጉድ ይፈላል። ስለዚህ አንድ ሰው ፊት ፊት እየሄደ "ኤሳ!" ይላል፤ እነሱ "ሆይሳ!" እያሉ እየመለሱ ይራመዳሉ። ያ አንድ ሰው፣ ጠሪ የሚባለው፣ ካንሱኬ ነው። ከእሱ በፊት አባቱ ነበሩ፣ ከአባቱም በፊት አያቱ። ደግሞ ከመቅደሱ ደጃፍ አንዴ የተነሣ ሚኮሺ እስኪታጠብ ድረስ መሬት አይነካም። ይህ ሕግ ነው፤ ማን እንዳወጣው የሚጠይቅ የለም።

ካንሱኬ ልጅ ሳለ የኢሶዳ ዳርቻ ሰፊ ነበር። ከጥዶቹ ጥላ ተነሥቶ ወደ ውኃው ሲሮጥ አሸዋው እግሩን ስለሚያቃጥለው፣ መሐል መንገድ ላይ ባርኔጣውን ይጥልና በላዩ ቆሞ ትንሽ ተንፍሶ ሩጫውን ይቀጥል ነበር። አባቱ ዓሣ የሚያሰጡበት ሰሌን በዚያ አሸዋ ላይ ዓይን እስኪታክት ድረስ ይዘረጋ ነበር። ኋላ ላይ አሸዋውን የሚያመጣው ወንዝ ተገደበ፣ ከመንደሩ ጎን ወደብ ተሠራ፤ ሁለቱም አገር የሚጠቅሙ ነገሮች ናቸውና ማንም አልተቃወመም። አሸዋው ግን ሳይሰናበት ሄደ። ማዕበሉ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየጎረሰ መጥቶ ከጥዶቹ ሥር ደረሰ። መንግሥት የኮንክሪት ደረጃ ቢሠራ ባሕሩ ደረጃውን ይልስ ጀመር።

ውርደቱ የመጣው ያኔ ነው። የሚወርድበት አሸዋ ስለሌለ ሚኮሺው ደረጃው አናት ላይ ቆሞ ይቀራል፣ የመቅደሱ ካህን ከታች በባልዲ ውኃ ቀድተው ያመጡና ይረጩታል፣ በቃ፣ ታጠበ ይባላል። የመንደር ጠባቂ የሚያህል እንደ አልጋ ቁራኛ ሽማግሌ በባልዲ ይታጠብ! ካንሱኬ ከበዓሉ በኋላ ሳኬ የሚባለው የሩዝ መጠጥ ሲቀርብለት ጽዋውን ገፋ አድርጎ፣ "እኔ ይኼን ጉሮሮ የምከፍተው ለባልዲ ነው?" ይላል። ዕድሜው ከሰባ አልፏል፤ ጉልበቱም መክዳት ጀምሯል። የጠሪነቱን ቦታ ለሌላ ከማስረከቡ በፊት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሚኮሺውን በገዛ ድምፁ ባሕር ማስገባት ይፈልጋል። ከዚህ ሌላ ምኞት ነበረው ቢባል አላምንም።

ኮዳካ የመጣችው እሱ ተስፋ መቁረጥ በጀመረበት ሰሞን ነው። ከክፍለ ሀገሩ የባሕር ዳርቻ መሥሪያ ቤት የተላከች ወጣት መሐንዲስ ናት። ድሮን ታበራለች፣ ምልክት የተቀባ እንጨት ውኃው ዳር ትተክላለች፣ ሰው ሁሉ በር ዘግቶ በተቀመጠበት ወጀብ እሷ የዝናብ ልብሷን ለብሳ ማዕበል ታያለች። ካንሱኬ መጀመሪያ ቀን አላስቀመጣትም።

"መንግሥት አሸዋችንን ሊያጠና መጣ አሉ!" ብሎ ጮኸ። "ልጄ፣ አሸዋው ሲሄድ ቆመን ያየነው እኛ ነን። ምኑ ይጠናል? መልሱልን፣ አለቀ!"

"ጋሼ፣ በየት በኩል እንደሚወጣ ሳላውቅ ብመልሰው ነገ ተመልሶ ይሄድብኛል" አለችው። "ሌባው የሚገባበትን በር ሳላገኝ ለቤቱ አዲስ ዕቃ ልግዛለት?"

ካንሱኬ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ይህችን መልስ ለሰው ሲያወራት ሰነበተና መጨረሻ ላይ የራሱ አባባል አደረጋት።

በመንደሩ አዳራሽ ሰው ተሰብስቦ ኮዳካ ያለውን ነገር አፍረጥርጣ ተናገረች። መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ባለ አራት እግር ግዙፍ የኮንክሪት ድንጋዮችን ዳርቻውን ሙሉ መደርደር ነው፤ ማዕበሉን ይሰብራሉ፣ ቤቱም ጥዱም ይተርፋል፣ ሰው ግን እግሩን ባሕር የሚነክርበት ቦታ አይኖረውም። ሁለተኛው ግድቡ ውስጥ የተከማቸውን አሸዋ በመኪና እያመጡ ዳርቻው ላይ መድፋት፣ ነፋስ እንዳይጠርገውም በቀርከሃ አጥር መያዝ ነው። "ይኼኛው ሙከራ ነው" አለች። "የሐምሌ በዓላችሁ ካለፈ በኋላ፣ በወሩ መጨረሻ እንለካለን። አሸዋው ከያዘ ይቀጥላል። ካልያዘ ክፍለ ሀገሩ ኮንክሪቱን ይመርጣል። እንዳልዋሻችሁ ብዬ ነው።"

"አጥሩን የምናጥረው እኛ ነን!" አለ ካንሱኬ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

በብርዱ ወራት አጥሩ ተሠራ። ልንገራችሁ፣ እንዲያ ያለ አጥር በዚያ ባሕር ዳር ታይቶ አይታወቅም። የሴቶች ማኅበሩ አለቃ ሚቶሴ ናት፤ ሴቶቹን አስከትላ ኮረብታ ወጥታ ቀርከሃ አስቆረጠች፣ አስሰነጠቀች፣ አስጠለፈች። ወንዶቹ ካስማ ተከሉ። ካንሱኬ ከአባቱ የለመደውን፣ መረብ የሚያያዝበትን ቋጠሮ እየቋጠረ ከኋላ ከኋላ ተከተለ። ሞሄይ የሚባለው ዓሣ ሻጭ፣ የልጅነት ጓደኛውና የዘላለም ነገረኛው፣ "ቋጠሮ ላይ ስትደርስ ሙሽራ የምታስጌጥ ነው የምትመስለው" ቢለው፣ "አንተ ቋጠሮህን ዓሣህ ላይ እሰረው፣ እንዳይሸትህ" ብሎ መለሰለት።

በመጨረሻው ቀን ካንሱኬ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር ሲያየው ከደረጃው ትይዩ ክፍት ቦታ አገኘ። የበር ስፋት አለው፤ አልታጠረም። ልጅቷ በሠራችው የአጥሩ ንድፍ ላይ ረስታዋለች አለ በልቡ። ሰው ፊት ቢነግራት ታፍራለች። ብቻዋን ጠርቶ ቢነግራትም ያው ማፈሯ አይቀርም። ከሰው አገር መጥታ በዝናብ ስትደበደብ የከረመች ልጅ ናት። ስለዚህ በማግስቱ ማለዳ ብቻውን ወጥቶ ክፍቱን ምርጥ በሆነ ቀርከሃ ጠለፈው፤ በዕድሜው ካሰረው ሁሉ ያማረ ቋጠሮም ቋጠረበት። ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም። ውለታ እንደዋለ ሰው ደስ ብሎት ወደ ዓሣው ተመለሰ።

አሸዋው መጣ። መኪኖቹ ደፉት፣ ማዕበሉ አስተካከለው፣ ነፋሱ አንሥቶ አጥሩ ሥር ከመረው። ጉብታው መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት፣ ኋላ ጉልበት አከለ፤ በላዩ ሴቶቹ የተከሉት የባሕር ሣር አቆጠቆጠ። ከደረጃው በታች በስንት ዘመኑ ሰው የሚቆምበት ደረቅ አሸዋ ተገኘ። ካንሱኬ ከጎረቤት መንደር የመጣውን ሁሉ እጁን ይዞ እየወሰደ፣ "ያውልህ አጥሬ" ይላል። "አጥራችን ነው የሚባለው" ትላለች ሚቶሴ ከኋላው። እሱ ግን ሩቅ ሄዷል።

ሰኔ ላይ ለበዓሉ ምክክር ተደረገ። ኮዳካም ተጋብዛ ከዳር ተቀምጣለች። ካንሱኬ ተነሥቶ፣ "ዘንድሮ ያንን ባልዲ በእግሬ ነው የምፈጠፍጠው! አምላካችን ባሕር ይገባል!" ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

"እሰይ" አለ ሞሄይ። "ግን በየት በኩል ነው የምንወርደው?"

ሁሉም ወደ ኮዳካ ዞረ። ኮዳካ ቀላች። "በ... በክፍተቱ ነበር የታሰበው።"

"የምን ክፍተት?"

"ከደረጃው ትይዩ ለሚኮሺው ብዬ የተውኩት ነበር። በኋላ ተዘግቶ ሳየው መንደሩ በራሱ ምክንያት የወሰነው መሰለኝ። በእናንተ ሥርዓት ገብቼ መጠየቅ ድፍረት ይሆንብኛል ብዬ ዝም አልኩ።"

ያ ቋጠሮ የማን እጅ እንደሆነ የማያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ፊቶች አንድ በአንድ ወደ ካንሱኬ ዞሩ። ሰውየው የሚገባበት ጠፋው።

"ረስታዋለች ብዬ ነዋ..." አለ። "እንዳታፍር ብዬ..."

"አንተ ሽማግሌ!" አለ ሞሄይ ከሳቁ ጋር እየታገለ። "አምላኩን ራስህ ቆልፈህበት ስታበቃ ጠሪ ነኝ ትላለህ?"

ኮዳካ ሳልጠይቅ በመቅረቴ ይቅርታ ብላ ግንባሯ ምንጣፉን እስኪነካ አጎነበሰች። ካንሱኬ ከእሷ ዝቅ ብሎ አጎነበሰ። ማን ቀድሞ ቀና ይበል? ኢሶዳ ውስጥ ሰው ሰውን ላለማሳፈር ብሎ ስንቱን ነገር እንዳበላሸ ተቆጥሮ አያልቅም። በመጨረሻ ሚቶሴ፣ "ቀና በሉ ሁለታችሁም! አጥሩ በመስገድ አይከፈትም" አለች።

ነገሩ ግን የሚሳቅበት አልሆነም። አጥሩ ሁለት ጫፍ ላይ የድሮ የኮንክሪት ክምር አለ፤ ሰው በእጁም በእግሩም ብሎ ይሻገረዋል፣ ሚኮሺ ግን አያልፍበትም። አጥሩ ይቆረጥ እንዳይባል ግማሹ ጉብታው ውስጥ ተቀብሯል። "የእግር ዱካ ምንም አይደለም፣ ነፋሱ ይደፍነዋል" አለች ኮዳካ። "አጥሩ ከተነቀለ ግን ከደረጃው ፊት ያለው ጉብታ ሁሉ ይናዳል። እስክንለካ ድረስ ተመልሶ አይሞላም። ቢሆንም አጥሩ የእናንተ ነው፤ አትቁረጡ ብዬ አልከለክልም።" ሰው ሁሉ እንደገና ካንሱኬን አየ። የዘጋው እሱ ነው፣ የሚወስነውም እሱ ነው።

በነጋታው ካንሱኬ መጋዙን ይዞ ወደ አጥሩ ወረደ። ሚቶሴ ቀድማው ደርሳ ከባሕር ሣሩ መሐል አረም ትነቅላለች። መጋዙን አየችው።

"ልትቆርጠው ነው?"

"እኔ ዘጋሁት፣ እኔ እከፍተዋለሁ።"

"ክፈተው። ከዚያ ልጅቷ ልትለካ ስትመጣ ጉድጓዱን አሳያት። ለከርሞ ኮንክሪቱ ላይ ወጥተህ ኤሳ ትላለህ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?" ጮኸ። ዓይኑ ቀልቷል። "ዘንድሮም ባልዲ? ጉልበቴን እኮ ታውቂዋለሽ። ለከርሞ ደረጃውን መውረድ የምችል ይመስልሻል?"

ሚቶሴ እጇን አራግፋ ተነሣች። "በላዩ ይለፍ።"

"በምኑ ላይ?"

"በአጥሩ ላይ ነዋ። እናንተ ከዚህ ታነሣላችሁ፣ ማዶ የቆመው ይቀበላል።"

"ማዶ ማን ሊቆም? መንደሩ ውስጥ የቀረው ወንድ ሁሉ ተጠራርጎ አንድ ሚኮሺ ቢያነሣ ነው።"

ሚቶሴ እንጨት እንደሚቀበል ሰው ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ነገሩ ለካንሱኬ ቀስ ብሎ ገባው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወንዱ ሲያንስ፣ "እኛም እንሸከም" ብላ ነበር፤ እሱ ሰው ፊት፣ ያውም በዚያ ድምፁ፣ አይሆንም ብሎ አሳፍሯታል።

"አባቴ ሲያስረክቡኝ፣ ሴት እንጨቱን እንዳታስነካ ብለውኛል" አለ ዝግ ብሎ።

"አባትህ እኮ አሸዋ ነበራቸው" አለች ሚቶሴ።

ካንሱኬ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። አጥሩን ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ አየው፤ ጥልፉ ሁሉ የሴቶቹ እጅ ነው፣ ቋጠሮው ብቻ የእሱ። አባቱን ይወዳቸዋል፣ ያከብራቸዋልም። ግን እሳቸውም ቢሆኑ እዚህ ቦታ ቆመው ይህን ጉብታ ቢያዩ ኖሮ መጋዙን እንዲያነሣ አይነግሩትም ነበር። እንዲህ ብሎ ራሱን አሳመነ፤ እኔም ልክ ነበር እላለሁ። መጋዙን ይዞ ወደ ካህኑ ቤት ወጣ። ካህኑ፣ "አምላኩ መታጠብ ነው የሚፈልገው፤ ማን አጠበኝ ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም" አሉት። ሞሄይ ግን ራሱን እያከከ ብዙ አጉረመረመ፤ ካጉረመረመ በኋላ፣ "እውነት ለመናገር የሚስቴ ትከሻ ከኔ ይሰፋል" አለ። ካንሱኬ በዚያኑ ዕለት መንደሩ መሐል ቆሞ በራሱ አፍ አስታወቀ። ሰውየው ሲሳሳት በጩኸት ነው፣ ሲታረምም በጩኸት።

አሮጌ ጀልባ በእንጨት ላይ አስረው ተለማመዱ። በመጀመሪያው ቀን ጀልባው ሊደፋ ለጥቂት ተረፈ፤ ሴቶቹ ወንዶቹን ሰደቡ፣ ወንዶቹ ሴቶቹን። እየቆየ እጁም ትከሻውም ተግባባ።

የበዓሉ ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሚኮሺው ከኮረብታው ወርዶ፣ መንደሩን ዞሮ፣ ደረጃው ላይ ደረሰ። ካንሱኬ ፊት ፊት እየሄደ "ኤሳ!" ይላል፤ ደረጃውን ሲወርዱ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ ድምፁ ግን ንቅንቅ አላለም። የወንዶቹ እግር አሸዋ ሲረግጥ ከተመልካቹ እልልታ የሚመስል ጩኸት ወጣ። አጥሩ ጋ ደርሰው ቆሙ። ከማዶ ሴቶቹ ሰማያዊ የበዓል ካባቸውን ለብሰው፣ ግንባራቸውን በነጭ ሻሽ አስረው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይጠብቃሉ። ሚቶሴ ከሁሉም ፊት ናት።

"አንሡ!" አለ ካንሱኬ።

ወንዶቹ ከትከሻቸው ወደ መዳፋቸው፣ ከመዳፋቸው እስከ ክንዳቸው ጫፍ አነሡት። የፊተኛው እንጨት ጫፍ አጥሩን አለፈ። የሴቶቹ እጅ ተቀበለው። መሐሉ ላይ ሲደርስ ሚኮሺው ወደ ግራ ዘመም አለ፤ ጣሪያው ላይ ያለችው የወርቅ ወፍ ተንቀጠቀጠች፣ የሰው ሁሉ ትንፋሽ ተቆረጠ። "ግራ! ግራ ትከሻ!" ብሎ ካንሱኬ ሲጮህ ከማዶ የሞሄይ ሚስት ትከሻዋን ከሥሩ አስገብታ ቀና አደረገችው። እንጨቱ ተሳበ። የኋለኞቹ ወንዶች ጣት አንድ በአንድ ለቀቀው። አጥሩ ላይ ያለ አንድ ቀርከሃ አልተሰበረም።

ልምምዱ ማሻገሩን ብቻ ነበርና ካንሱኬ የቀረበት ነገር የገባው ያኔ ነው። ሚኮሺው ማዶ ነው፣ እሱ ወዲህ። በኮንክሪቱ ክምር ዞሮ ይድረስ ቢባል በዚያ ጉልበቱ ዘመን ይፈጅበታል፤ ሚኮሺው ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም፣ መሬትም አይነካም። እስከ ውኃው ድረስ ያለውን መንገድ የሚጠራው ሌላ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የተመኛት ያቺ ጥቂት እርምጃ በዓይኑ ሥር ልትሄድ ነው። አፉን ከፈተ፣ ግን የሚጠራቸው ሰዎች ፊታቸው ወደ ባሕሩ ዞሯል።

"ኤሳ!" አለች ሚቶሴ።

ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ግን ይሄዳል። ያችን ቃል ስንት ዓመት ስትሰማ ኖራለች፤ የት እንደምትረዝም፣ የት እንደምትቆረጥ ታውቃለች። "ሆይሳ!" አሉ ሴቶቹ። "ኤሳ!" "ሆይሳ!" እግራቸው እንደ አንድ ሰው እግር ተነሣ። ካንሱኬ ሁለት እጁን አጥሩ ላይ አድርጎ ቆመ። ከዚያ፣ ሚቶሴ ለሦስተኛ ጊዜ "ኤሳ!" ስትል፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸካሚዎቹን ቃል መለሰ፣ "ሆይሳ!"

ሞሄይ ዞር ብሎ አየውና እሱም ቀጠለ። ወንዶቹ ሁሉ ቀጠሉ። ደረጃው ላይ ያለው ሕዝብም አብሮ መለሰ፣ ካህኑም፣ ኮዳካም፤ የመሥሪያ ቤት ሰው መሆኗን ረስታ፣ እንባዋን እየጠረገች፣ ድምፅዋ እስኪሻክር። ሚቶሴ እየጠራች ውኃው ውስጥ ገባች፤ እስከ ጉልበቷ፣ እስከ ወገቧ። አንድ ማዕበል መጥቶ እንጨቶቹን ሸፈነ፣ የሚቀጥለው እስከ ወርቁ ጣሪያ ተረጨ። የኢሶዳ ጠባቂ በባሕሩ ታጠበ።

ካንሱኬ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አላፈረም፤ ኩራት ነበር የሚያስለቅሰው፣ ሙሉ ኩራት፣ ራሱ ጠርቶ ቢያስገባው ኖሮ ከሚሰማው የበለጠ። ከጎኑ ካሜራ ያንጠለጠለ ከከተማ የመጣ ሰው ቆሟል። ሰውየው ወደ ባሕሩ እያመለከተ፣ "አባት፣ ያቺ የምትጠራው ሴት ማናት?" ብሎ ጠየቀው።

"ሚቶሴ ትባላለች" አለ ካንሱኬ። "ሚስቴ ናት። የኢሶዳ ጠሪ ናት።"